ከጥቁር ሰሌዳው ሥር

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ ላይ «መ» ነበረች። ከብስኩት ካርቶን ቆርጬ በከሰል የጻፍኋት ናት። ጓሮዬ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ልጆች እያዩዋት «መሬት፣ መንገድ፣ መስኮት» ይላሉ። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ያረፈደ ልጅ መስሎኝ «ግባ» አልሁ። የገቡት የታጠቁ ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው ካርቶኖቹን ሰብስቦ ገለባበጣቸው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ፊደል ነው።»

«ፊደል መሆኑንማ አየሁ። ለምን ተቆራረጠ?»

«ልጆቹ እንዲገጣጥሙት ነው።»

«ገጣጥመው ምን ሊሉ?»

ልጆቹን ወደየቤታችሁ ሂዱ አልኋቸው። የሮጠ የለም። ዞር ዞር እያሉ እያዩኝ፣ ቀስ ብለው ወጡ።

ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር። ጫካ ያሉት «አታስተምሩ» ይላሉ፤ ከተማ ያሉት ደግሞ ሰው ሰብስቦ የተቀመጠን ሁሉ ይጠረጥራሉ። ልጆቹ መካከል ላይ ቆመው ያድጋሉ። አንደኛ ክፍል ገብተው «ሀ»ን ሳይጨርሱ የቀሩ ልጆች ቁመታቸው በሩን ሲያክል ማየት አልቻልሁም፤ ስለዚህ ጓሮዬን ከፈትሁላቸው። ቀደም ባለው ዘመን በክልል ደረጃ ምርጥ የንባብ መምህርት ተብዬ ተሸልሜ ነበር። የምስክር ወረቀትና ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ በሬድዮም አንድ ጊዜ ተናገርሁ። ያሸለመኝ እንዲሁ ካርቶን ቆርጬ፣ ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስቤ ማስነበቤ ነበር። ያሳሰረኝም እሱው ነው።

ለምን እንዲህ እንደምወደው የሚጠይቁኝ ነበሩ። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን ሲያነብ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር አለ። ፊደሎቹን ለየብቻ ሲጠራ ይቆይና ድንገት ቃሉ ይሰማዋል። ከራሱ አፍ የወጣውን ራሱ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ያችን ድንጋጤ ለማየት ነው።

የወሰዱኝ ወህኒ ቤት አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነበር። እኔ ያስተማርሁበት ሳይሆን ከደብረ ታቦር ዳር ያለ ሌላ ትምህርት ቤት። ግቢው ውስጥ ዴስክ እየፈለጡ ያነዱ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ ከጭሱ ጋር ጉሮሮ ይይዛል። አንድ የመማሪያ ክፍል ከፈቱና «ግቢ» አሉኝ። ሲሚንቶ ላይ በጅባና በካርቶን የተቀመጡ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ፊት ለፊት ጥቁር ሰሌዳው እንዳለ ነው። በጎን ግድግዳው ላይ ፊደሉ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቀለም ተጽፎ፣ ከታች የሰው ጀርባ እየታከከው ደብዝዟል። በየመስኮቱ ማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቷል። የጉና ተራራ ብርድ በዚያ ውስጥ ይገባል።

እንዲህ ያለ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልጅ የሌለበት ማለቴ ነው። ኋላ ግን አንዲት እንዳለች አየሁ። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እጅጌው የተጠቀለለ ትልቅ የወንድ ሹራብ ለብሳ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች።

እናቲቱ ከአንበሳሜ ወዲህ ካለ ቀበሌ የመጣች ገበሬ ናት። ባሏ ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ ከመንገድ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተወሰደ። ሰዎቹ ወደ ደብረ ታቦር ተጭነዋል ሲባል ሰማች፤ ልጇን ይዛ መጥታ በየበሩ ጠየቀች። እዚህ በር ላይ አለቃው ራሱ ወጥቶ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ገብቶ አያውቅም» አላት። በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ደጋግማ መጣች። በመጨረሻ «ማን ነው የሚልክሽ?» አሏት።

«ግቢ ሲሉኝ ሊያሳዩኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ምሬት እንኳ አልነበረም።

የባሏን ስም ለበረኞቹ ካልሆነ በቀር በአፏ አትጠራም። ያገሯ ወግ ነው። ለእኛ «ሰውየው» ትለዋለች። «ሰውየው ፊደል ያውቃል። ልጅ ሆኖ የኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሮ ነበር። ይችን ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አስገባታለሁ ሲል፣ ይኸው ሳይከፈት ቀረ።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለፊደሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ሁለተኛ ፊደል ላልጠራ ለራሴ ምዬ ነበር። ልጅቷ ግን ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች፤ በጣቷ አንዱን ፊደል ትከተልና «እትየ፣ ይችስ ምን ትላለች?» ትለኛለች። ዝም ስላት ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እሱንም ዝም ስላት ትመለሳለች።

ጠላ ሲሸጡ የተያዙ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ታገሡኝ ታገሡኝና «ልጄ፣ እኛን አስረውናል። አንቺ ደግሞ ይችን ሕፃን ለምን ታስሪያታለሽ?» አሉኝ።

በዚያው ቀን ጀመርን። ከተቃጠለ ዴስክ የተረፈ ከሰል ለጠባቂዎቹ ምግብ ስናበስል አነሳሁና ሲሚንቶው ላይ ስሟን ጻፍሁላት። ልጅ ሁሉ ከስሙ ቢጀምር ይቀለዋል። ስሟን ስትጨርስ «የአባየንስ?» አለች፤ የአባቷንም ጻፍሁላት። ያን ጊዜ ነው ስሙን ያወቅሁት። እሷ በከሰል ስትጽፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትጽፍ ቀኑ ያልቅ ጀመር። ልጆች ፊደልን እንደዚያ ሲራቡት አይቻለሁ፤ እንደሷ የተራበ ግን አላየሁም። ሴቶቹም ሥራቸውን እየሠሩ አብረው ይሉ ነበር። አዲስ ፊደል ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ በቀስታ ይላል። ደጅ የቆመው ወጣት ጠባቂ አንዳንድ ጊዜ በበሩ ስንጥቅ ያዳምጠናል፤ ተዉ ብሎን አያውቅም።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ከረጢቱ በተቀደደበት በኩል ገብታ በሰሌዳው በኩል ያለውን ግድግዳ አግድም ላሰችው። በዚያ ብርሃን ብቻ የሚታይ ጭረት አለ፤ በምስማር የተፋቀ። እናቲቱ ለጠባቂዎቹ ወጥ የሚሆን ምስር እየለቀመች ነበር። ልጅቷ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በሆዷ ተኝታለች።

«እትየ፣ የአባየ ፊደል እዚህ አለች።»

«ፊደል ብዙ ቦታ አለ፣ የኔ ልጅ» አልሁ ሳልዞር።

«ሁለተኛዋም አለች።»

ዞርሁ። አንገቷን አስግጋ በጣቷ እየተከተለች ነበር። እየቆራረጠች የአባቷን ስም ጠራች። ቀጥሎ የአያቷን ስም። ቀጥሎ ያገራቸውን ስም፣ ደብሩን ሳይቀር። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ዘገየች።

«ነ… በ… ር… ሁ።»

ከዚያ ተሰማት። ያን ፊት ስንት ልጅ ላይ አይቼዋለሁ፤ ደስ ሳይለኝ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

የእናትየው እጅ ምስሩ ላይ ቀረ።

«ነበርሁ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«እዚህ ነበረ ማለት ነው። አንቺ አሁን የተኛሽበት ቦታ ተቀምጦ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የት እንዳለ አልጻፈም።»

«ለምን?»

«እሱም አላወቀው ይሆናል።»

እናቲቱ ተነሥታ መጣች። ወድቃ ታለቅሳለች ብዬ ልይዛት ተዘጋጀሁ፤ አላለቀሰችም። ተንበርክካ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «የቱ ነው?» አለች። ጣቷን ይዤ ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አስቀመጥሁላት፤ ጭረቱን እየተከተልን እስከ መጨረሻው ሄድን። በማጭድ የተቆራረጠ ሻካራ ጣት ነበር።

«ይኸ ሁሉ እሱ ነው?»

«ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ አገሩ። ከዚያ ነበርሁ ይላል።»

«ደህና ነኝ አይልም?»

«አይልም።»

«አሞኛልም አይል?»

«አይልም፣ እህቴ።»

ጥቂት ካሰበች በኋላ «እጁ ይጠናል፤ እየተንቀጠቀጠ አልጻፈውም» አለች። ማንበብ አትችልም፤ ያነበበችው ግን እውነት ነበር። ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግድግዳው ዝም አላለኝም። እስከዚያ ድረስ እድፍና ጭረት ነበር። አሁን ዓይኔ ባረፈበት ሁሉ ሰው አለ። አንዳንዱ ስሙን ብቻ ጽፏል፤ አንዳንዱ ሚስቱን «ደኅና ሁኝ» ብሏል፤ አንዱ ጀምሮ በመካከል ትቶታል። ያ የተቋረጠው ስም ከሁሉም ይልቅ ያስጨንቀኝ ነበር። ማን ጠርቶት ነው ምስማሩን የጣለው እያልሁ አስባለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ ጠባቂ በባልዲ ኖራና ከሣር የታሰረ መቀቢያ ይዞ ገባ።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ግድግዳው ይቀባ ተብሏል፤ እናንተው ትቀቡታላችሁ» አለ።

እኛን ሳያይ ነበር የተናገረው። ባልዲውን አስቀምጦ ወጣና በሩን ገርበብ አደረገው። ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። እማማ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «መምህርት፣ ኖራው ሳይነካቸው ጥሪያቸው» አሉ።

ከበሩ አጠገብ ጀመርሁ። አንድ ስም አነባለሁ፤ ከነአባቱ፣ ከነአገሩ። አንዷ «ይኸን ለእኔ» ትላለች፤ ሦስት አራት ጊዜ ከአፌ ተቀብላ ትደግመዋለች። በአፏ ሲጸናላት መቀቢያውን ነክራ ራሷ ትሸፍነዋለች። ከዚያ ሌላውን አነባለሁ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ፊደል አይለዩም፤ ግን ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የያዙ ሰዎች ስም ለመያዝ አይቸገሩም። እማማ ብቻቸውን ብዙ ያዙ፤ «የእኔ ራስ ባዶ ነው፤ ጨምሪልኝ» እያሉ። ያ የተቋረጠው ስም ላይ ስደርስ ማን ይውሰደው ብዬ ቆምሁ። ልጅቷ «እኔ» አለች።

ኖራው ገና እርጥብ ሳለ ስሞቹ ከሥሩ ይታያሉ፤ ሲደርቅ ይጠፋሉ። እንዲህ እያደረግን ጥቁር ሰሌዳው ጋ ደረስን። እናቲቱ እዚያ ሥር ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ተነሺ ያላት የለም።

ጠባቂው ተመልሶ ገባና ዙሪያውን አየ።

«ያን ጥግ አልቀባችሁትም።» ወደ እሷ ሄደ። «ተነሺ።»

«አልነሳም።»

«ለምን?»

«የልጄን አባት ተደግፌ ነው።»

አልገባውም። ጎንበስ ሲል ከትከሻዋ ጎን ጭረቱን አየ። ወጥቶ አለቃውን ጠራው። አለቃው ሸምገል ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነበር። እናቲቱን ገና ሲያያት አወቃት። ከበር ላይ ሆኖ ባሏን ገብቶ አያውቅም ያላት እሱ ነው።

«ምንድን ነው የሚደረገው እዚህ?» አለ።

«ጽሑፍ አለ፣ ጌታዬ። ከእሷ ጀርባ» አለ ጠባቂው።

አለቃው ወደ እኔ ተመለከተ። «አንቺ በሬድዮ የሰማናት ተሸላሚ አይደለሽም? ምን ይላል?»

ሰውየው ማንበብ ያውቃል፤ ጎንበስ ቢል ራሱ ያነበው ነበር። «ምንም አይልም» እንድለው ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንብቢ ተብዬ ዝም የማልበት ቦታ አይደለም። የኋላ ወንበር ላለ ልጅ እንደሚነበበው፣ ሳልጮህ ግን ጥርት አድርጌ አነበብሁ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን። «ነበርሁ» የምትለውን ልጨርስ ስል ልጅቷ ቀደመችኝና አለችው።

አለቃው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። እናቲቱ ከተቀመጠችበት ሆና ቀና ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ እኔ መነሣቱን እነሣለሁ። ገብቶ አያውቅም ያሉኝ ሰው ይኸው ነው። ከዚህ ወጥቶ የት እንደሄደ ይንገሩኝና ራሴ እቀባዋለሁ።»

የሚያስፈራኝ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚለው እንደጠፋው ሰው ብቻ ነው የታየኝ። ለጠባቂው «ከራሷ በላይ ያለውን ቀቡና ተዉት» ብሎ ወጣ።

እንግዶቹ በማግሥቱ መጥተው እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ክፍል የገባ ሰው አልነበረም። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ዕቃችሁን ያዙ ተብለው ሲወጡ፣ እናቲቱ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስነክታ ሳመችው፤ በደጀ ሰላም እንደሚሳለሙት። በዚያው ቀን ጠባቂው በባልዲው የተረፈውን ኖራ ይዞ ገባ። እኔን እያየ «ታዝዤ ነው፣ መምህርት» አለኝ። ያን ስም እኔ ይዤዋለሁና ዞር አልሁለት። ቀባው።

እኔን አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት «ሂጂ» አሉኝ። የተከሰስሁበትን ነገር እስካሁን አላውቅም።

ስሞቹን ግን ሁላችንም ለየቤታቸው አደረስን፤ በገበያ፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት እየጠየቅን። እማማ ሲሞቱ ያልደረሱላቸውን ስሞች ለልጃቸው አስይዘው ነው የሞቱት። እኔ ከያዝኋቸው አንዱ የይፋግ ሰው ነበር። ቤቱን አፈላልጌ፣ ለእናቱ ምን ብዬ እንደምነግራቸው መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሄጄ ደጁን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ራሱ ባለስሙ ነበር። ስሙን ጠርቼ «አዎ፣ ነኝ» ሲለኝ የምለው ጠፋኝና ውኃ ስጡኝ አልሁ። ሌሎቹ ቤቶች እንዲህ አልነበሩም።

አሁን ትምህርት ቤቱ በከፊል ተከፍቷል፤ እኔም አንደኛ ክፍል ተመልሻለሁ። ልጆቹ ያነባሉ። ባዶ ግድግዳ አልወድም። አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ስገባ እጄ ሳላዝዘው ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ከሥሩ ጭረት ይፈልጋል። ልጆቹ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ የማይ ይመስላቸዋል።

እናቲቱን ባለፈው ሰሞን አንበሳሜ ገበያ አገኘኋት። ጤፍ አምጥታ ነበር። ልጅቷ ትምህርት እንደገባችና ለጎረቤቱ ሁሉ እንደምታነብ ነገረችኝ። ስለ ሰውየው ልጠይቃት ስፈራ ራሷ ጀመረችው።

«ወሬ የለም፣ እትየ። ዘመድ ተዝካሩን አውጪ ይለኛል። እኔም የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። የክርስትና ስሙን ያዙና ‹በቅዳሴ ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

የጤፉን ከረጢት አፍ እየቋጠረች ነበር።

«‹ሞተ ብሎ የጻፈልኝ የለም፤ ከሕያዋን ጋር ያንሡልኝ› አልኋቸው።»

እሳቸውም እሺ ብለው በየእሑዱ እንደዚያው ያነሡታል። ደብሩ ከእኔ ሩቅ ነው፤ አንድ እሑድ ግን ማልጄ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ቆምሁ። የክርስትና ስሙ ከሕያዋን ጋር ሲነሣ ሰማሁ፤ ሌሎች ስሞች ተከተሉት።